«ማቅለያ አለህ?» ሲባል ባዶ እጅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የችሎት ዜናችሁን አንድም ቀን አላልፈውም። ግን ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «ፍርድ ቤቱ የተከሳሹን የቅጣት ማቅለያ ከግምት በማስገባት በ6 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ወስኗል» ትሉና ዜናው እዚያው ያልቃል። ምን ማቅለያ? ምን አቅርቦ? ስንት ቀነሰለት? የለም። አንባቢው ቁጥሯን ብቻ ይዞ ሻይ ቤት ይገባና «ገንዘብ ሰጥቶ ነው» ይላል፣ ወይም «ምስኪን፣ ሰው ስለሌለው ነው» ይላል።

እኔ ሕግ አልተማርኩም። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከድንኳንና ከቀብር ቀጥሎ የሚበዛበት ጣጣ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ልጇ የታሰረባት እናት ትመጣለች፣ ወንድሙ የታሰረበት ይመጣል። የሚመጡት ደግሞ ሁሌ በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ ነገ ቅጣት ነው፤ ዛሬ ማታ አንዲት ደብዳቤ ጻፍልን።» ነገ! ሰውየው ከተያዘ ስንት ወር አልፎታል እኮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ ለሁለት ነገር ይሯሯጣል፤ አንደኛ ዋስ፣ ሁለተኛ በነጻ ማስለቀቅ። ላም ይሸጣል፣ እቁብ ቀድሞ ይወጣል፣ ጠበቃ ይያዛል። ጥፋተኛ ነው የተባለ ዕለት ግን ሁሉም ወገቡ ይቆረጣል። «በቃ አለቀ» ይባላል። ጠበቃውም አንዳንዴ ክፍያው እዚያ ድረስ ነበርና ይጠፋል። ግን አላለቀም። የዓመቱ ቁጥር የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፣ በዚያች ጊዜ ደግሞ አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን ነው የሚቆመው።

ለስንት ዓመት ሲሠራበት የኖረው የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149 ላይ ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉን በቅጣቱ ላይ ምን እንደሚል ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ተራው የተከሳሹ ወይም የጠበቃው ነው። ስለ ጠባዩ ምስክር ማቅረብም ይቻላል። ይሄን የመጨረሻውን የሚያውቅ ሰው እስካሁን ብዙም አላጋጠመኝም። ምስክር ማለት ለክርክሩ ብቻ የሚመስለው ነው የሚበዛው።

ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን የሚኒባስ ሹፌር ሰው ገጭቶ ሰውየው ሞተበት። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። ከእድሩ ሰዎች ጋር ሆነን ችሎት ገባን። ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ ስለ ፍጥነቱ ተናገረ፣ ስለ ሟች ልጆች ተናገረ። ከዚያ ዳኛው ወደ ልጁ ዞረው «የቅጣት ማቅለያ አለህ?» አሉት። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ «የተከበረው ፍርድ ቤት ምሕረት ያድርግልኝ» አለ። «ሌላስ?» አሉት። «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ።» «ማስረጃ ይዘሃል?» ዝም። ጠበቃ አልነበረውም። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ፣ ቀጣዩ መዝገብ ተጠራ።

ይሄ ልጅ እኮ ገጭቶ አልሸሸም። ሰውየውን አንስቶ በራሱ መኪና ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው፣ ከሆስፒታሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። ሰፈሩ በሙሉ ይሄን ያውቃል። ችሎቱ ግን አያውቅም፤ የነገረው የለማ! ሆስፒታል ሄዶ ሰውየውን ማን እንዳመጣው የተመዘገበ ነገር ካለ ልውሰድ ያለ ሰው የለም። አብሮት የነበረው ረዳት ደግሞ በዚያ ሰዓት ከችሎቱ ውጭ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። እሱንም የጠራው የለም።

አሁን የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 አንብቡት። ጠቅላላ የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች የተዘረዘሩት እዚያ ነው። ከዚህ በፊት መልካም ጠባይ የነበረው ሰው ባለማወቅ፣ በየዋህነት ወይም ድንገት በገጠመው ነገር ተገፋፍቶ ሲያጠፋ፤ ለሀገር፣ ለሃይማኖት ወይም ለሕሊናው ብሎ ሲያደርገው፤ ከባድ ችግር ላይ ወድቆ ወይም የሚታዘዘው ሰው ጫና አድርጎበት ሲሆን፤ ተበዳዩ ራሱ ክፉኛ አስቆጥቶት ሲሆን። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል «ሠ» ደግሞ ከልብ መጸጸት ነው፤ ተጎጂውን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ እጅን መስጠት፣ የቻለውን ያህል መካስ፣ በክሱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ማመን። ለዚያ ሹፌር ተብሎ የተጻፈ ነው የሚመስለው። እሱ ግን ቆሞ «ምሕረት» አለ።

ዳኛው ደግሞ ዝም ብሎ አዝኖ መቀነስ አይችልም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አለ፤ መጀመሪያ በ2002 ወጣ፣ ከዚያ ተሻሽሎ ቁጥር 2/2006 ሆኖ መጣ። ቅጣቱን በ39 እርከን ደልድሎታል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ዕድሜ ልክና ሞት ናቸው። ዳኛው መነሻ እርከን ይይዛል። ማክበጃ ካለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ተቀባይነት ያገኘ ማቅለያ ካለ ወደ ታች ይወርዳል። በአንቀጽ 82 ያልተዘረዘረ ነገር ቢያቀርቡም በር አልተዘጋም፣ አንቀጽ 86 አለ፤ ግን ዳኛው ለምን እንደተቀበለው በውሳኔው ላይ ምክንያቱን ማስፈር አለበት። ታዲያ ምንም ወረቀት ሳትሰጠው ምኑን ያስፍር?

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለሹፌሮች የሚጠቀሰው አንቀጽ 543 ነው። ሙያው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ያላደረገ ሰው በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ነው። ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከሆነ ወደ ንኡስ ቁጥር 3 ይሄዳል፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። በ1 ዓመትና በ5 ዓመት መካከል ያለውን ልዩነት ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባ አባት ጠይቁት።

ለማንኛውም ወረቀት ከመሰብሰብ በፊት አንድ ነገር አለ፤ የተጎጂው ቤት። ሰዎቻችን ትልቁን ጥፋት የሚያጠፉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሹፌሩ ለቅሶ መድረስ ይፈራል። ቢፈራም አይፈረድበትም፣ ሐዘን የገባበት ቤት ነው። ግን ሽማግሌ የሚባል ነገር ለምን ተፈጠረ? የሟች ወገን የሚያከብራቸው ሰው፣ ቄስም ይሁኑ ሼህ፣ የእድር ዳኛም ይሁኑ፣ ሄደው «ልጃችን ነው ያደረገው፣ አዝነናል፣ የቀብሩን ወጪ እንካፈል» ይበሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለው፣ እነሱ ይክፈሉ» የሚል ነው። ኢንሹራንሱ ይከፍል ይሆናል። የሟች እናት ግን በሯ ላይ መጥቶ አንገቱን የደፋ ሰው አላየችም። ሁለቱም ወገን የእኛው እድር አባል የሆነበት ጊዜ ነበር፣ ሁለቱንም ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ ቂሙ የጸናው በገንዘቡ ሳይሆን «ብቅ እንኳን አላለም» በሚለው ነው። ኦሮሚያ ውስጥ ጉማ በሚባለው የገዳይና የሟች ወገን ማስታረቂያ ሥርዓት ነገሩ መልክ ይዞ ይሠራል፣ ከተማ ውስጥ ግን ሁሉም ለጠበቃ ጥሎት ይቀመጣል።

ጠበቃው አንዳንዴ «ካሳ ከከፈልክ ጥፋቱን አመንክ ማለት ነው፣ አትጠጋ» ይላል። ክርክር ላይ ላለ ሰው ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ለቀብር መርዳትና ጥፋተኛ ነኝ ማለት ለየቅል ናቸው፤ በሰብአዊነት የተሰጠ መሆኑ በጽሑፍ ሊሰፍር ይችላል፣ እንዴት እንደሚጻፍ ጠበቃውን ይጠይቁት። ዋናው ወረቀቱ ነው። ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ሰጠ፣ ተቀባዩ ፈርሟል ወይ፣ ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው። በቃል የተደረገ እርቅ ችሎት ፊት ብዙም አይራመድም። ደግሞ አደራ፣ ታርቀናል ብሎ ቀጠሮ የሚቀር ሰው አለ! ተበዳዩ ራሱ አቤት ሲል ብቻ ከሚታዩት ወንጀሎች በስተቀር እርቅ የወንጀሉን ክስ አያቆመውም። ቅጣቱ ላይ ነው የሚረዳው። የሟች ቤተሰብ አንታረቅም ካሉ ደግሞ እምቢ ማለት መብታቸው ነው፤ ደጋግሞ መሄድ፣ በዘመድ ማስጨነቅ፣ ማስፈራራት ሌላ ክስ ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ሄደው እንደሞከሩ መመስከር ይችላሉ፣ ይበቃል።

ገንዘቡ ታዲያ የት ይሄዳል? ጉዳይ ገዳይ ጋ። በየፍርድ ቤቱ አካባቢ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው የተማርነው» የሚል አይጠፋም። ይሄ ሰው በፍጹም አይከስርም። ቅጣቱ ቀለል ካለ «እኔ ነኝ» ይላል፣ ከከበደ «ዐቃቤ ሕጉ አስቸገረ» ይላል። አንዲት እናት ለእንዲህ ያለ ሰው የሰጠችውን ብር ስትነግረኝ ለሟች ልጆች ቢሆን የሁለት ዓመት የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ነበር። ካሳ ቢሆን ኖሮ በሕግ የሚቆጠር ማቅለያ ይሆን ነበር። ጉቦ ሆኖ ሄደ፣ ያውም ዳኛው ጋ መድረሱ በማይታወቅ መንገድ።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ፣ የእኔ ሙያ እሱ ነው። የተለመደችው ደብዳቤ እንዲህ ትላለች፤ «ግለሰቡ በሰፈራችን መልካም ጠባይ ያላቸው፣ ከሰው ጋር ተግባብተው የሚኖሩ መሆናቸውን እየገለጽን የሚመለከተው ሁሉ ትብብር እንዲያደርግላቸው እንጠይቃለን።» ስሙን ቀይሮ ለማንም ማውጣት ይቻላል። ዳኛ እንዲህ ያለ ወረቀት ስንት አንብቧል መሰላችሁ! አሁን እኔ የምጽፈው ሌላ ነው። «ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ እንዳለው እናውቃለን» ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ያየሁትን ብቻ፤ ከስንት ዓመት ጀምሮ አባል እንደሆነ፣ ድንኳን ተከላ ተራው ሲደርስ ቀርቶ እንደማያውቅ፣ አባቱ ከታመሙ ወዲህ ዳያሊሲስ የሚያመላልሳቸው እሱ እንደሆነ። ያላየሁትን አልጽፍም። «አላደረገውም» ብላችሁ ጻፉልን የሚሉኝም አሉ። ጥፋተኛ ተብሎ ካለቀ በኋላ ይሄን መጻፍ ዳኛውን ተሳስተሃል ማለት ነው፤ ለይግባኝ የሚቀመጥ ክርክር ነው፣ በማቅለያው ወረቀት ውስጥ ጸጸቱን ከማበላሸት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ከደብዳቤው ጋር የሚሄደው ሌላው ወረቀት ቀድሞ ካልተጀመረ አይደርስም። የልጆች የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ከወረዳ የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን የሚያሳይ ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ፣ ሕመም ካለ የሆስፒታል ማስረጃ። ወረዳ ሄዳችሁ በአንድ ቀን እንደማይጨርሱላችሁ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንድ ቦታ ሄጄ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ስብሰባ የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከታሰረ ሳምንት ጀምሮ ይሰብሰብ። በነጻ ከወጣ ወረቀቱ ቤት ይቀመጣል፣ ምን ይጎዳል? የውሸት የሕክምና ወረቀት የሚያሠሩም አሉ። ሐሰተኛ ሰነድ ራሱ ወንጀል ነው፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ወረቀትህንም የሚያምንህ አይኖርም።

እምነት ክህደት ላይም፣ ማለት ተከሳሹ ክሱን ያምን ወይም ይክድ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም» ይላል። እሱ አምኜ ነበር ብሎ ያስባል፤ መዝገቡ ላይ ግን ክዶ ተከራክሯል ነው የሚባለው። ሕጉ ማቅለያ የሚለው በክሱ የተዘረዘረውን በሙሉ ማመንን ነው። እመኑ እያልኩ አይደለም! ያላደረገ ሰው ይከራከር፣ መከራከር መብት ነው። ግን ያደረገ ሰው ሊያምን ከሆነ ምን ብሎ እንደሚያምን ቀድሞ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይነጋገር፣ ምክንያቱም አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው። ለሱ የማቅለያዋ ቀን ማለት ክርክሩ በሙሉ ማለት ነው።

ጠበቃ መግዛት ለማይችል ተከላካይ ጠበቃ አለ፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ሲያጋጥም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይላል። ሰዎቹን አልወቅስም፣ የተሸከሙት መዝገብ ብዙ ነው፣ አንዳንዴ ተከሳሹን የሚያገኙት ችሎት በር ላይ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ፋይሉን አዘጋጅቶ እጃቸው ላይ ያስቀምጥላቸው። ጥፋተኛ የተባለ ዕለት ደግሞ ዝግጁ ካልሆናችሁ ማቅለያዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ አጭር ቀጠሮ ይሰጠኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ችሎት ይሰጣል። በእስር የቆየበት ጊዜ እንዲታሰብለት መጠየቅም አይረሳ። ገደብም አለ፤ ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ 190 ጀምሮ ያለውን ይዩ፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ከ2 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ የፈተና ጊዜ ሊያግደው ይችላል፣ ለሁሉም ወንጀልና ለሁሉም ሰው ባይሆንም። ካልተጠየቀ ግን ማን ያስታውሰዋል? አመክሮ ሌላ ነው፣ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሱ በኋላ የሚመጣ ነው፤ «ግድ የለም በአመክሮ ይወጣል» እያሉ ማቅለያውን ችላ የሚሉ ሰዎች ሁለት ሦስተኛው የሚሰላው ከምን ላይ እንደሆነ ቆም ብለው አያስቡም።

ይሄን ስጽፍ «አንተ ሰውዬ ለገዳይ ነው እንዴ የምትቆመው?» የሚለኝ አይጠፋም። ቤቴም ውስጥ ባለቤቴ ብላኛለች። የእኔ መልስ፣ ሀብታሙ ይሄን ሁሉ ድሮም ያደርገዋል። ጥሩ ጠበቃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ይሰበስብለታል፣ ምስክሩን ያዘጋጅለታል፣ ሽማግሌውን ይልክለታል። እርከኑ የሚወርድለት ለሱ ነው። አንድ ዓይነት ጥፋት ያጠፉ ሁለት ሹፌሮች የተለያየ ዓመት ታስረው ሲወጡ ያየሁት ዳኛው አድልቶ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ፋይል ይዞ ገባ፣ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ዐቃቤ ሕጉም ቢሆን ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ የማለት መብት አለው፣ ስለዚህ የተጎጂው ወገን ድምፅ አጣ ማለት አይደለም።

ከናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የችሎት ዘጋቢያችሁ ቅጣቱን ሲጽፍ ሁለት መስመር ይጨምር፤ መነሻ እርከኑ ስንት ነበር፣ ምን ማክበጃ ተያዘበት፣ የትኛው ማቅለያ ተቀባይነት አገኘ፣ የትኛው «ማስረጃ አልቀረበበትም» ተብሎ ውድቅ ሆነ። ውሳኔው ላይ የተጻፈ ነገር ነው፣ አዲስ ምርመራ አያስፈልገውም። አንድ የሚያውቅ ጠበቃ ፈልጋችሁ በወር አንዴ ስለዚህ ጉዳይ ቢጽፍልንም እኔ ጋዜጣውን ቆርጬ እድሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ቦታ ጠበበን ካላችሁ የአውሮፓ ዝውውር ወሬውን ትንሽ ቀነስ አድርጉት፣ እሱን ልጆቻችን በስልካቸው ከናንተ ቀድመው ያውቁታል።

አክባሪያችሁ
አንድ የእድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ